የሰው ቤት ቁልፍ በማን እጅ ነው?

 በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ከቤተሰብ ገጽ ይልቅ ለሕግ ባለሙያዎች የሚቀርብ ይመስላል። ይኸውም የኪራይ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ሠራተኛ ከመቅጠራቸው በፊት የአመልካቹን የወንጀል ታሪክ ስለ ማጣራታቸው ነው። ሆኖም ጉዳዩ ወደ ቤታችን በሁለት በር ይገባል። በአንድ በኩል ልጆቻችን፣ በተለይም ሴቶች ልጆቻችን፣ ለትምህርትና ለሥራ ብለው ተከራይተው በሚያድሩበት ቤት ትርፍ ቁልፍ የያዘ ሰው አለ። በሌላ በኩል ደግሞ በአሜሪካ ከሚኖሩት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ብዙዎቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት በሆቴልና በአፓርትመንት ሥራ ነው፤ አልጋ አንጣፊ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የጥገና ሠራተኛ፣ የሌሊት ዘበኛ ሆነው። እነዚህ ደግሞ የሚጣሩት ወገኖች ናቸው። እንግዲህ በዚህ ነገር ውስጥ እኛ ቁልፍ ሰጪዎችም ቁልፍ ተቀባዮችም ነን ማለት ነው።

እስቲ በቅድሚያ ስለ ቁልፉ እናውራ። ተከራይ ማታ በሩን ቆልፎ ሲተኛ ቁልፉ አንድ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በትልልቅ አፓርትመንቶች የየክፍሉ ቅጂ በቢሮ ይቀመጣል፤ ከዚያም አልፎ ሁሉንም በር የሚከፍተው “ማስተር” የተባለው ቁልፍ በአስተዳዳሪውና በጥገና ሠራተኞች ኪስ ይዞራል። ዛሬ ዛሬ ደግሞ በብዙ ቦታ ብረቱ ቀርቶ በካርድና በኤሌክትሮኒክ ቁልፍ ተተክቷል። ሌባ አጥር ይዘላል፣ በር ይሰብራል፣ ውሻም ይጮኽበታል። ቁልፍ ያለው ሰው ግን ኮሽታ ሳያሰማ ይገባል፤ ጎረቤት ቢያየው እንኳ “ቧንቧ ሊሠራ መጥቶ ነው” ብሎ ያልፈዋል። እንግዲህ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይልቅ በዚህ ሥራ ላይ የአመልካቹ ማንነት የሚጠየቀው ስለዚህ ነው።

በአሜሪካ ብዙ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ሙስሊሞች በሚኖሩበት በሚኒሶታ ግዛት፣ አንዲት ወጣት በምትኖርበት አፓርትመንት ሠራተኛ እጅ ተገደለች። ሰውየው ቀደም ሲል የወንጀል ታሪክ የነበረበት ሲሆን የተከራዮች ክፍል ቁልፍም በእጁ ነበር። የግዛቲቱ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 በሟቿ ስም የሚጠራ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የቤት ባለቤት፣ ወደ ተከራዮች ክፍል የሚያስገባ ቁልፍ የሚይዝ ሠራተኛ ከመቅጠሩ በፊት የሰውየውን ታሪክ ከግዛቱ የወንጀል መዝገብ ማጣራት ግዴታው ነው። አመልካቹ በሚኒሶታ ከኖረ አሥር ዓመት ካልሞላው ደግሞ ማጣራቱ ከግዛቱ ውጭ ያለውን መዝገብ ይጨምራል።

ከሃያ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም 2021 (እ.ኤ.አ.)፣ በፍሎሪዳ ግዛት በኦርላንዶ ከተማ ተመሳሳይ ጥፋት ደረሰ። የ19 ዓመት ወጣት ተማሪ በምትኖርበት አፓርትመንት የሚሠራ የጥገና ሠራተኛ ሁሉን በሚከፍተው ቁልፉ ክፍሏ ገባ፤ ከቀናት በኋላም አስከሬኗ ተገኘ። አላህ ለወላጆቿ ጽናቱን ይስጣቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። ቤቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ሰዎች ሠራተኛው ሲቀጠር ታሪኩ መጣራቱንና በዝርፊያም ሆነ በአስገድዶ መድፈር ረገድ የተመዘገበ ነገር አለመገኘቱን በወቅቱ ተናግረዋል። እንግዲህ ወረቀት ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ሰውን ንጹሕ አያደርግም።

የፍሎሪዳ ሕግ አውጪዎችም ይህን የተረዱ ይመስለናል። በቀጣዩ ዓመት በ2022 የወጣውና “የሚያ ሕግ” ተብሎ የሚጠራው ሕግ ሠራተኞች በሁሉም ግዛቶች የወንጀልና የወሲብ ጥፋተኞች መዝገብ እንዲጣሩ በማዘዝ ብቻ አልቆመም። ለየክፍሉ ያለው ቁልፍ ለማን መቼ እንደተሰጠና መቼ እንደተመለሰ እንዲመዘገብ፣ ያልተሰጡት ቁልፎችም የት እንደሚቀመጡና ማን እንደሚደርስባቸው ደንብ እንዲወጣ አዟል። ለጥገና ሲባል ወደ ተከራይ ክፍል ከመገባቱ በፊት ይሰጥ የነበረውን የአሥራ ሁለት ሰዓት ማስታወቂያም ወደ ሃያ አራት ሰዓት ከፍ አድርጎታል። ሆቴሎች ክፍል በሰዓት እንዳያከራዩም ከልክሏል። (ይህችን የመጨረሻዋን ያነሳናት በአገራችን በሰዓት ስለሚከራየው አልጋ አንባብያን የሚያውቁትን ስለሚያውቁ ነው።)

ፈቃድ ሳይጠይቁ ወደ ሰው ቤት አለመግባት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኑር ሃያ ሰባተኛውና ሃያ ስምንተኛው አንቀጽ ላይ ምእመናን ከራሳቸው ቤት ሌላ ወደሆነ ቤት ፈቃድ ሳይጠይቁና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ፣ “ተመለሱ” ከተባሉም እንዲመለሱ አዟል። በመድረሳ የተማርን ሁሉ ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ መልስ ካልተገኘ መመለስ እንደሚገባ ከልጅነታችን እናውቃለን። የኪራይ ቤትም ቢሆን ኪራዩ እስኪያበቃ ድረስ የተከራዩ ቤት ነው። ባለቤቱ ግድግዳው የእርሱ ስለሆነ ብቻ ባሰኘው ሰዓት ገብቶ መውጣት አይችልም። በየግቢው ተከራይ ያስቀመጣችሁ ወላጆቻችን፣ እስቲ ይህን ነገር አንዴ አስቡበት፤ “ቤቴ አይደለም እንዴ?” የሚለው ቃል በዚህ ረገድ አያስኬድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንዳንድ ወጣቶቻችን “የሰውን ያለፈ ታሪክ መፈተሽ በሸሪዓችን የተከለከለው መሰለል አይደለምን?” ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሱረቱል ሑጁራት አሥራ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ከጥርጣሬ እንድንርቅና የሰውን ነውር እንዳንከታተል ተከልክለናል። ነገር ግን በዚያችው ሱራ፣ ስድስት አንቀጾች ቀደም ብሎ፣ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር እንድናጣራ ታዘናል፤ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት። ሁለቱ አይጋጩም። የጎረቤትን ልጅ “ምን ሠርቶ ይሆን?” እያሉ ከመንደር መንደር ታሪኩን መልቀም መሰለል ነው። አደራ ለመቀበል ራሱ የመጣን ሰው፣ እያወቀና እየፈቀደ፣ ከአደራው ጋር የሚገናኘውን ብቻ መጠየቅ ግን ማጣራት ነው። ኢማም አን-ነወዊ ሪያዱ ሷሊሒን በተሰኘው ኪታባቸው ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ አንዱ ምክር የተጠየቀ ሰው ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሽርክና ወይም ንብረት በአደራ ስለ መስጠት የሚያውቀውን መናገሩ ነው። ስለዚህ አንድ ቀጣሪ “ይህን ሰው ታውቀዋለህ ወይ?” ብሎ ቢጠይቀን፣ የአገራችን ልጅ ነው በሚል የምናውቀውን አደጋ ደብቀን ብናሞግሰው ቁልፉን የሰጠነው እኛ ነን።

ስለ ማጣራት አኳኋንም ቢሆን የቀደሙት ምሳሌ ትተውልናል። ሰይድና ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘንድ አንድ ሰው ለምስክርነት ቀርቦ ስለማያውቁት የሚያውቀውን እንዲያመጣ እንዳዘዙት ይተረካል። ከተሰበሰቡት አንዱ “እኔ አውቀዋለሁ፤ ታማኝ ሰው ነው” አለ። ዑመርም ሦስት ነገር ጠየቁት፦ መግቢያ መውጫውን የምታውቅ ጎረቤቱ ነህን? በገንዘብ ተገበያይተኸዋልን? በጉዞ አብረኸው ውለህ አድረሃልን? ሰውየው ለሦስቱም “አይ” ሲል፣ ዑመር “እንግዲያውስ አታውቀውም” ብለው አሰናበቱት። በመስጊድ ሲሰግድ አይቶ ማመስገን ለዑመር አልበቃቸውም። ልብ በሉ፤ ጥያቄዎቹ በሙሉ ሰውየው በጎረቤት፣ በገንዘብና በመንገድ ላይ እንዴት ያለ ነው የሚሉ ናቸው።

በዚህ ጉዳይ እንድንጽፍ ምክንያት የሆነን ግን ከአንድ አባት የደረሰን ደብዳቤ ነው። ልጃቸው ወደ አሜሪካ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በአንድ ሆቴል ለሌሊት እንግዳ ተቀባይነት አመልክቶ፣ ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ሁሉ ተነግሮት ነበር። ከዚያ “ያለፈ ታሪክህ አይፈቅድም” የሚል መልስ መጣለት። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው፣ እግሩ ረግጦት በማያውቅ ግዛት የተፈጸመ የቤት ሰብሮ መግባት ፍርድ ነው። አጥፊው የልጁን ስምና የልጁን የልደት ቀን ይዟል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ አባትየው እንደጻፉት፣ ወሬው በእዚያ ባለው የአገር ልጅ መካከል ተዛምቶ “ያለ ነገር አልከለከሉትም” መባሉ ነው። “ልጄ ሌላ ሥራ አያጣም፤ ስሙን ግን ከየት ያመጣዋል?” ይላሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል እናስረዳ። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። በአሜሪካ ወረቀት ላይ ግን መሐል ያለው ተቆርጦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ይቀራል። ታዲያ ሙሐመድ፣ አሕመድ፣ ዐሊ፣ ሐሰን፣ ኢብራሂም ከሚባሉት ስሞች ሁለቱን ብታጣምሩ በአንድ ከተማ ስንት ሰው ይሰበሰባል? በዚያ ላይ ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። የልደት ቀኑም እንደዚሁ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው በስደተኛነት የገቡ ወገኖች ብዙዎቹ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። በአንድ ሰፈር አዛውንቱም ጎረምሳውም በአንድ ቀን የተወለዱ ይመስላሉ። እንግዲህ ስምና የልደት ቀን ብቻ ተመልክቶ “ይህ እርሱ ነው” የሚል አጣሪ፣ በእኛ ልጆች ላይ ከሌላው ይበልጥ ቢሳሳት ምን ያስገርማል?

በስም ብቻ መመሳሰል የሚያመጣው ጣጣ የሙስሊም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ራሚሬዝ የተባለ ሰው መኪና ሊገዛ ሄዶ፣ ትራንስዩኒየን የተባለው የብድር መረጃ ድርጅት ስሙን የመንግሥት ግምጃ ቤት ካዘጋጀው የአሸባሪዎችና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ዝርዝር ጋር አገናኝቶት ሻጩ አልሸጥም አለው። ድርጅቱ ያነጻጸረው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስምን ብቻ ነበር። ተመሳሳይ በደል የደረሰባቸው 8,185 ሰዎች በአንድ ክስ ተጠቃለሉ። ነገሩ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 ሲወሰን፣ የተሳሳተው መረጃ ለሌላ ወገን የተላለፈባቸው 1,853 ሰዎች ብቻ መክሰስ እንደሚችሉ ተፈረደ። የቀሩት ስማቸው በመዝገብ ላይ ተበላሽቶ እያለ “ለማንም አልተላከምና አልተጎዳችሁም” ተባሉ ማለት ነው። ዳኞቹ ለውሳኔያቸው የሕግ ምክንያት አላቸው፤ እኛ ግን የደብዳቤ ጸሐፊያችን አባት ጥያቄ በጆሯችን ላይ አለ።

ይህን ስንጽፍ የሐዲስ ሊቃውንት ትዝ ይሉናል። እነዚህ ዑለማእ ሐዲስ ያስተላለፈ ሰው ሁሉ ታማኝነቱና የማስታወስ ችሎታው እንዲመዘን “ጀርሕ ወተዕዲል” የተባለ ታላቅ ዕውቀት አቋቁመዋል። እዚያ ላይ ሳይቆሙ፣ ስማቸውና የአባታቸው ስም አንድ ሆኖ ሰዎቹ ግን የተለያዩ የሆኑትን ለመለየት ብቻ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ነበራቸው። በ463 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ በዚሁ ጉዳይ “አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ” የተባለ ኪታብ ጽፈዋል። ኢብኑ ሶላሕም ኸሊል ኢብኑ አሕመድ የሚባሉ ስድስት የተለያዩ ሰዎችን ለይተው አስቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ታዋቂው የዐረብኛ ሰዋስው ሊቅ የሲበወይህ መምህር ነው። አንዱን በሌላው ኃጢአት እንዳይጥሉ፣ አንዱንም በሌላው ታማኝነት እንዳይቀበሉ ከተማውን፣ መምህሩን፣ ተማሪውን፣ የሞተበትን ዓመት እየጠየቁ ይለዩ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረጉት ኮምፒዩተር በሌለበት፣ በግመል እየተጓዙ ነው። የዛሬው አጣሪ የጣት አሻራ፣ ፎቶግራፍና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር እያለለት በስም ብቻ ቢፈርድ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ለደብዳቤ ጸሐፊያችን ልጅም ሆነ ለመሰሎቹ የአሜሪካ ሕግ መንገድ አልዘጋም። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የሸማች መረጃ ሕግ በአጣሪ ድርጅት በኩል ለሚደረግ ማጣራት ሥርዓት አበጅቷል። ቀጣሪው ለብቻው በተዘጋጀ ወረቀት ለአመልካቹ ነግሮ በጽሑፍ ፈቃዱን መቀበል አለበት። ባገኘው መረጃ ምክንያት ሊከለክለው ካሰበ ከመከልከሉ በፊት የወረቀቱን ቅጂና የመብቱን ዝርዝር ሊሰጠው ይገባል። ብዙ ልጆቻችን ይህችን ደረጃ አያውቋትም፤ “አልተቀበሉኝም” ብለው አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ያኔ ነው “ወረቀቱን ስጡኝ” ማለት የሚያስፈልገው። ከተከለከለም በኋላ በስድሳ ቀን ውስጥ ቢጠይቅ አጣሪው ድርጅት ያለ ክፍያ ቅጂ ይሰጠዋል። ስሕተት አለበት ብሎ ካመለከተ ደግሞ ድርጅቱ በመሠረቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ መርምሮ ማስተካከል ወይም መሰረዝ ግዴታው ነው። የሚኒሶታውም ሕግ አመልካቹ ውጤቱን እንዲያውቅ፣ ትክክል አይደለም ብሎም እንዲከራከር መብት ይሰጠዋል።

ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂውን ያስቀር። በስልክ የተነገረ ነገር ማስረጃ የለውም። “እኔ አይደለሁም” ማለት ብቻ ሳይሆን በተባለው ጊዜ የት ይኖር እንደነበር የሚያሳይ የኪራይ ውል፣ የትምህርት ቤት ወይም የሥራ ወረቀት፣ ፓስፖርቱን ጨምሮ ያያይዝ። ፍርዱን የሰጠውን ፍርድ ቤት ማኅደር ቁጥር ከወረቀቱ ላይ አግኝቶ የተፈረደበትን ሰው የተሟላ መግለጫ መጠየቅም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ቁመቱ፣ ዕድሜው ወይም የአያት ስሙ ብቻውን ልዩነቱን ይናገራል። ሁሉም ካልሆነ የጣት አሻራ አለ። ስም ሺህ ሰው ይጋራል፤ አሻራን ግን ማንም አይጋራውም። ገና ለሚያመለክቱት ደግሞ የምንለው፣ ስማችሁን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ፤ የመሐል ስማችሁን አትጣሉ።

እስካሁን የተናገርነው ጥፋት ስለሌለበት ሰው ነው። በእርግጥ ያጠፋስ? በወጣትነቱ ተደባድቦ ወይም ሰርቆ ታስሮ የወጣ ወንድም በዚህ ሥራ ላይ ምን ተስፋ አለው? የዚህ ዓይነት ወጣት በየቤታችን የለም ብለን አንዋሽም። አንዳንድ መካሪዎች “‘የለም’ ብለህ ሙላና እለፍ” ይሉታል። ይህ ምክር ሐራም ከመሆኑም በላይ ሞኝነት ነው፤ ጥፋቱ ቢታለፍለት እንኳ በውሸቱ ይባረራል።

በሱረቱል ቀሰስ የሰፈረውን የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። የነቢያት ደረጃ ከእኛ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ ታሪካቸው የተተረከልን ግን እንድንማርበት ነው። ሙሳ ለመግደል ሳያስቡ በሰነዘሩት ምት አንድ ሰው ሞተ። ወዲያው ጌታቸውን ምሕረት ለመኑ፤ አላህም ማራቸው። ተፈላጊ ሆነው ከግብጽ ወጥተው መድየን ሲደርሱ፣ ደክሟቸውና ርቧቸው ሳለ፣ ከውኃው ዳር ተገፍተው የቆሙ ሁለት እህቶችን አይተው መንጋቸውን አጠጡላቸው፤ ዋጋም ሳይጠይቁ ወደ ጥላ ሄዱ። የሴቶቹ አባት ሲያስጠራቸው ምን አደረጉ? ታሪካቸውን አንድ በአንድ ተረኩለት። ሽማግሌውም ሰምቶ “አትፍራ” አላቸው። ከሁለቱ ልጆች አንዷ ደግሞ አባቷ እንዲቀጥራቸው ስታሳስብ የጠቀሰችው መስፈርት ብርታትንና ታማኝነትን ነው። ስምንት ዓመት፣ ከፈቀዱም አሥር ዓመት ተብሎ ውል ታሰረ።

ይህ ታሪክ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ጋብቻው ይወሳል። እኛ ግን ቅጥሩን ማየት እንፈልጋለን። ተቀጣሪው ሳይደብቅ ተናገረ። ቀጣሪው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የተደረገው ነገር ምን እንደነበረ፣ ሰውየውስ ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ተመዘነ፤ የኋለኛውን ደግሞ ልጆቹ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያም ቤቱንና መንጋውን አደራ ሰጠው።

በአሜሪካ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ቀጣሪዎች ሦስት ነገር እንዲመዝኑ አሳስቦ ነበር፤ የጥፋቱን ክብደት፣ ከጥፋቱ ወይም ቅጣቱ ካለቀ በኋላ ያለፈውን ጊዜ፣ የሚያመለክትበትን ሥራ ጠባይ። ተይዞ መታሰር ብቻውን ጥፋተኛ መሆንን አያሳይም ብሎም ነበር። የሚኒሶታው ሕግ ደግሞ ጥፋቶችን በሁለት ይከፍላቸዋል። እንደ ግድያና አስገድዶ መድፈር ባሉት የተፈረደበት ሰው የተከራዮችን ቁልፍ እንዲይዝ ፈጽሞ አይቀጠርም። በሌሎቹ ግን፣ ስርቆትን በመሰሉት፣ ቅጣቱን ጨርሶ አሥር ዓመት ካለፈው ሊቀጠር ይችላል። እኛ ይህን አከፋፈል እንደግፋለን። ተውባ በአላህና በባሪያው መካከል ያለውን ያጸዳል፤ ነገር ግን ሴቶችን የደፈረ ሰው ተውባ አድርጌያለሁ ስላለ የሴቶች መኝታ ክፍል ቁልፍ ይሰጠው የሚል ማንም ዓሊም አናውቅም። ለእርሱ ሌላ እንጀራ ይፈለግለት፤ መጋዘን አለ፣ ግንባታ አለ፣ ጭነት መኪና አለ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሱቅ ዕቃ ሰርቆ ዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላውን የልጆች አባት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ሌባ እያሉ በር መዝጋት ሌላ ግፍ ነው።

በአገራችንም በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ “መሰየም” የሚባል ክፍል አለው። ቅጣቱን ፈጽሞ በሕጉ የተወሰነውን ዓመት በመልካም ጠባይ ያሳለፈ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ በክፋት ያንን የቆየ ጥፋት እያነሳ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ “እውነት ነው” ማለትም አያድነውም። ይህን ሕግ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ታስሮ የወጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ጠበቃ አማክራችሁ ተጠቀሙበት።

በመጨረሻ ስለ ራሳችን ጥቂት እንበል። በአዲስ አበባም ሆነ በደሴ፣ በጅማም ሆነ በድሬዳዋ ፔንሲዮን፣ ጌስት ሀውስና አልጋ ቤት የሚያስተዳድሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሠራተኛ የሚቀጥሩት በደላላ ወይም በዘመድ፣ ከዚያም “ተያዥ አምጣ” ብለው ነው። ተያዥ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ተያዥ የሚጠየቀው ስለ ጠፋ ቴሌቪዥንና ስለ ጎደለ ገንዘብ ነው፤ ሌሊት አንዲት መንገደኛ ሴት የተኛችበት ክፍል በር ቢከፈት ተያዡ በምን ይተካል? ደግሞስ ተያዡ ሰውየውን ያውቀዋልን ወይስ ደመወዙን ያስመዘገበው ለአገር ልጅ ሲል ነው? የዑመርን ሦስት ጥያቄዎች ለተያዡ አቅርቡለት። ቀድሞ የሠራበትን ቦታ ስልክ ጠይቃችሁ ደውሉ። ከፖሊስ በጣት አሻራ የሚሰጠውን ከወንጀል ነጻ ማስረጃ እንዲያመጣ ማድረግም ይቻላል፤ ወጪውን ግን ቀጣሪው ቢችለው መልካም ነው፣ ገና ደመወዝ ያላገኘ ሰው ነውና። የጠየቃችሁትን ሁሉ የወንድማችሁንም ልጅ ስትቀጥሩ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ደብተር ግዙ። የክፍሉ ቁጥር፣ ቁልፉን የወሰደው ሰው ስም፣ የወሰደበት ሰዓት፣ የመለሰበት ሰዓት፣ ፊርማ። እንግዳው ክፍሉ ውስጥ እያለ አልጋ አንጣፊዋ አንኳኩታ ስሟን ትናገር፤ መልስ ካልመጣ ትመለስ። ትርፍ ቁልፎቹም በእንግዳ መቀበያው ሚስማር ላይ ተንጠልጥለው የመጣ የሄደው ከሚያያቸው፣ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይግቡ፤ የሳጥኑ ቁልፍም በአንድ ሰው እጅ ይሁን።

ወላሁ አዕለም።